ጥርስ የሌለበት የጥርስ ግጥም

እኔ ገጣሚ ነኝ። ይህን የሚለው እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለቤቴ እንኳ ሰው ሲጠይቃት «ባዮሎጂ ነው የሚያስተምረው» ብላ ታልፈዋለች። ቢሆንም ታሪኩን ከዚህ ካልጀመርኩ አይገባችሁም። ገጣሚ ነኝ ባልል ኖሮ ያ ሁሉ ወላጅ ፊት እንደዚያ አልሆንም ነበር።

ስሜ ደሳለኝ ነው። ተማሪዎቼ ግን «ቲቸር ኮምጣጤ» ይሉኛል፤ እኔ የማላውቅ ይመስላቸዋል። አዳማ ውስጥ ከኬጂ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል በአንድ ግቢ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው የምሠራው። አንድ ተማሪ ቀልድ ጣል አድርጎ ክፍሉ በሳቅ ሲንጫጫ እኔ ዞር ብዬ ሰሌዳ አጠፋለሁ። የሚጠፋ ነገር ባይኖርበትም አጠፋለሁ። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ዘነበች በስብሰባ ላይ «እንደ መምህር ደሳለኝ ቁም ነገረኛ ሁኑ እንጂ» ሲሉ ሌሎቹ አስተማሪዎች በጎሪጥ ያዩኛል።

ቁም ነገሬ ምን መሰላችሁ? ጥርሴ በልዟል።

ተወልጄ ያደግሁት ቡልቡላ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሰው ታውቁታላችሁ፤ የጉድጓድ ውሃችን ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ በልጅነቱ ያንን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ቢቦርሹት፣ በከሰል ቢፍቁት፣ በሎሚ ቢያሹት ንቅንቅ አይልም። ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። ሲያቅተኝ ሪዜን አሳደግሁ፤ ላይኛው ከንፈሬ ላይ እንደ መጋረጃ ወረደልኝ። እጄንም አሠለጠንኩት፤ ሳቅ ገና ከሆዴ ሲነሳ እጄ ከንፈሬ ላይ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል። «የት ነው ያደግከው?» ሲሉኝ «እዚሁ አካባቢ» እላለሁ። ቡልቡላ ለአዳማ ምን ያህል «እዚሁ አካባቢ» እንደሆነች በዚያ መንገድ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሄደ ያውቀዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ የወላጆች ቀን ያዘጋጃል፤ ትልልቆቹ ተማሪዎችም ዓመቱን ሙሉ ያጠኑትን ያቀርባሉ። ያለፈው ዓመት በፕሮጀክተር ነበር። ሁለተኛው ቡድን ላይ ወላጅ ማዛጋት ጀመረ፣ ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ፣ መብራቱ ሲመጣ ወላጁም ሄዷል። እናም ዘንድሮ በስብሰባ ላይ ተነስቼ «ጥናቱ በግጥም ይቅረብ» አልኩ። «የእኛ ሰው ቁጥር ይረሳል፣ ግጥም ግን አይረሳም። ተማሪውም ያጠናውን በሁለት ስንኝ መቋጠር ካቃተው አልገባውም ማለት ነው።» አሁንም ቢሆን ይህ አባባል ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱ አስተባባሪ አድርገው እኔን መምረጣቸው ነው።

ምክንያቱም የተማሪዎቹን ግጥም ማረም ጀመርኩ። የባጃጅ ጡሩንባ በክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚረብሽ ያጠኑት ልጆች «ጲጲጲ ይላል፣ ጆሮዬን በላኝ» የሚል ደስ የሚል ነገር ጽፈው መጡ። እኔ «ኦ ባለሦስት እግር፣ የጎዳና ወላፈን» ብዬ አቀናሁላቸው። ልጆቹ አመሰገኑኝ። ፈርተውኝ ነው።

ሦስተኛው ቡድን ሁለት ልጆች ነበሩበት፤ ሀዊና ናትናኤል። ሀዊ የቡልቡላ ልጅ ናት፣ አዳማ የምትማረው አክስቷ ቤት ሆና ነው። ምላሷ እሳት ነው፣ ስትናገር ግን የሹራቧ እጅጌ ከአፏ አይለይም። የእሷ እጅጌ የእኔ ሪዝ መሆኑን ገና ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች አውቄያለሁ። ናትናኤል ደግሞ ጠንቃቃና ፈሪ ነው። የመረጡት ርእስ የጥርስ መበለዝ ነበር። «ቆሻሻ አወጋገድ አይሻላችሁም?» ብዬ ለምኛቸው ነበር፤ እምቢ አሉ።

አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ድረስ መጡ።

«ቲቸር፣ ጉድጓዱም አለበት» አለችኝ ሀዊ።

«የቱ ጉድጓድ?»

«የእኛው። የትምህርት ቤቱ።»

ከቡልቡላ፣ ከከተማው ቧንቧና ከግቢያችን ጉድጓድ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ላቦራቶሪ ለሚሠራው ለናትናኤል አጎት ሰጥተውት ኖሯል። የቧንቧው ደህና ነው። የእኛ ጉድጓድ ግን ከቡልቡላው እምብዛም አይለይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ጉድጓድ የትምህርት ቤቱ ኩራት ነው። አዳማ ቧንቧ ሲጠፋ የእኛ ግቢ ውሃ አይጠፋም፤ ወላጅ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ነገር፣ የትልቅ ሰው ጥርስ አንዴ በቅሎ አልቋል፤ ይህ ውሃ ቀለሙን አይለውጠውም። የሚያበላሸው ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ያለውን ነው። የኬጂ ልጅ በነጭ የወተት ጥርሱ እየሳቀ፣ ከስር የሚመጣው ጥርስ ግን ቀለሙን ይዞ ይመጣል። የእኔዋ ልጅ ፌቨን ዩኬጂ ናት።

ሦስታችንም ወይዘሮ ዘነበች ጋ ገባን። ክፉ ሴት አይደሉም፤ አዳመጡን፣ ውጤቱንም ደጋግመው አዩት።

«እኔ ተነስቼ ጉድጓዱን ዘጋሁ ብል ወላጅ ይበላኛል» አሉ በመጨረሻ። «በወላጆች ቀን አቅርቡት። ወላጁ ይስማና ራሱ ይወስን፤ ትንንሾቹ ሌላ ውሃ ይጠጡ ካለ በዚያው ሳምንት አደርገዋለሁ። ውሃው ደህና ነው ካለ ግን እኔ ምን አቅም አለኝ?»

ስለዚህ የእነዚያ ሁሉ ሕፃናት ጥርስ በአንዲት ግጥም ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ከማግስቱ ጀምሮ ፌቨንን ከቤት የቧንቧ ውሃ አስይዤ እልካት ጀመር፤ ለሌሎቹ ልጆች ግጥሜ አለላቸው ብዬ ተረጋጋሁ።

የልምምዱ ዕለት ሀዊና ናትናኤል ፊት ለፊት ቆሙ።

«እንካ ስላንትያ» አለች ሀዊ።

«በምን ትያ?» አለ ናትናኤል።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እንካ ስላንትያ ነዋ ቲቸር» አለ ናትናኤል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ።

«እሱንማ አውቃለሁ። የሰፈር ልጅ የሚሰዳደብበት ጨዋታ ነው። ጥናት በስድብ ይቀርባል እንዴ?»

«ስድቡ እኮ ነው የሚያስቀው» አለች ሀዊ በእጅጌዋ ስር። «የሳቀ ሰው ደግሞ አይረሳውም። ቲቸር ራስዎ ነዎት ያሉት።»

«እነ ሐጂ ከድር በተቀመጡበት፣ የተከበረ ወላጅ ፊት፣ ጥርስ ድድ እያላችሁ? አይሆንም። ግጥሙን እኔ እጽፍላችኋለሁ።»

ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ተቀምጬ ጻፍኩት። ባለቤቴ ምሳ ቀርቧል ብትለኝ «ስሜት ላይ ነኝ» አልኳት። መግቢያው እንዲህ ይላል፦

«ስምጥ ሸለቆ ሆይ፣ የዘመናት እንባ፣
በከርሰ ምድርሽ ውስጥ የነበልባል አበባ፣
ጠጣንሽ፣ ጠጣሽን፣ ሐሩርና ካባ፣
ዝምታ ነው መልሱ፣ ዝምታ ነው ገላባ።»

ሌላውም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ሳነበው «ሐሩርና ካባ» ምን ለማለት እንደፈለግሁ እኔም አላውቅም። ያኔ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰኞ ዕለት የአማርኛ አስተማሪያችን ለሆነችው ለሰሚራ አሳየኋት፤ የወሎ ሰው ልጅ ናት፣ ግጥም ታውቃለች።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ጥርስ ነዋ።»

ወረቀቱን እንደገና አየችው፤ ገልብጣ ጀርባውንም አየችው። «የቱ ጋ?»

«ሰሚራ፣ ቅኔ እኮ ነው።»

«እንግዲህ የኬጂ ወላጅ በቅኔ ውሃ የሚቀይር ከሆነ ደግ» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኳት።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ድንኳኑን ይገርፋል። ወላጅ በላስቲክ ወንበር ላይ ሞልቷል፣ ከፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ የኬጂ ልጆች ተኮልኩለዋል። ከተማው ውስጥ ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ከድንኳኑ ጎን ባለው የጉድጓዱ ቧንቧ ስር ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። እኔ ከተከራየነው ሞንታርቦ አጠገብ ነኝ፤ በአንድ እጄ ሁለተኛውን ማይክ፣ በሌላው እጄ ስልኬን ይዣለሁ። ስልኩ ላይ ዋሽንት ከፍቻለሁ። ግጥም ያለ ዋሽንት አይሆንም ብዬ ነው።

ሀዊና ናትናኤል እንዳስተማርኳቸው ወደ ድንኳኑ ጣሪያ እያዩ፣ ድምፃቸውን እየጎተቱ አነበቡ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ድንኳኑ ጭጭ አለ። አንዳንድ እናቶች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። ይኸው ገባቸው፣ ልጆቹ ተረፉ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ግጥሙ አለቀ፣ ጭብጨባውም ረገብ ሲል ሐጂ ከድር ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሐጂ ብዙ አይሱዙ ያላቸው፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ኬጂ ናቸው።

«ልጆቹን አላህ ያሳድጋቸው። ልብ ይነካል» አሉ። «ግን ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሞተው ማነው?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያንኑ ሊጠይቅ ኖሯል።

«የሞተ የለም ሐጂ» አልኩ በማይኩ። «ስለ ውሃው ነው።»

«ውሃው ምን ሆነ?»

መናገር ነበረብኝ። ጥርስ ያበልዛል ማለት ነው፤ ሁለት ቃል። ጥርስ የምትለዋን ቃል ከአፌ ካወጣሁ ግን ሰው ሁሉ የእኔን አፍ የሚያይ መሰለኝ። «ውሃው... በዝምታው ውስጥ...» ብዬ ቀረሁ። ዋሽንቱ ደግሞ አልዘጋሁትም፤ ከጀርባዬ ያንጎራጉራል።

«ውሃውማ እግዜር ይስጣቸው» አለች አንዲት እናት ጀሪካኗን በእግሯ ጠጋ እያደረገች። «ሰሞኑን ይሄ ጉድጓድ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ለእሷ የተጨበጨበው ለእኔ ግጥም ከተጨበጨበው ይበልጣል። ወይዘሮ ዘነበች ወደ እኔ አዩ፤ የምጨምረው ነገር ካለ እየጠበቁኝ ነው። እኔ ስልኬን አየሁ።

«እንግዲያው ወላጆች በጉድጓዱ ደስተኛ ከሆናችሁ በዚሁ እንቀጥላለን ማለት ነው» አሉ። «ቀጣዩ ቡድን—»

«አንዴ ይቅርታ» አለች ሀዊ። ከመድረኩ አልወረደችም። ወደ ናትናኤል ዞረችና «እንካ ስላንትያ» አለችው።

ናትናኤል እኔን አየኝ። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።

«እንካ ስላንትያ» አለች ደግማ። ይህን ተብሎ መልስ አለመስጠት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ እንደመተው ነው። ልጅቷ እዚያ ቆማ ቀረች። ወላጅ መተያየት ጀመረ። እኔም እምልላችኋለሁ፣ አስቤበት አይደለም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው ያመለጠኝ፤ በሞንታርቦው ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

«በምን ትያ?»

ሀዊ ዞረች። ለአስተማሪ «እንካ» ማለት ከበዳት መሰለኝ፣ «እንኩ ስላንትያ» ብላ አስተካከለችው፤ ወላጁ ሳቀ። ቀጠለች።

«በውሃ።»

«ምን አለሽ በውሃ?»

«ሀብታም አይመርጥም፣ አያዝንም ለድሃ፣
ጥርስን አበለዘው የጉድጓዱ ውሃ።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። «ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላ ሰማሁ፤ የሀዊ አክስት ናት። አሁን ተራው የእኔ ነው። ገጣሚው ተራ ደረሰው።

«እንኪ ስላንትያ» አልኩ።

«በምን ትያ?»

ዓይኔ ሰልፉ ላይ አረፈ። «በጀሪካን።»

«ምን አለዎት በጀሪካን?»

ወገኖቼ፣ ምንም አልነበረኝም። ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ስለ ነበልባል አበባ የጻፈ ሰው፣

«ቀድተሽ ቀድተሽ በቢጫ ጀሪካን፣
ተሸክመሽ ሂጂ ያንን... ጀሪካን»

ብዬ አረፍኩት። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሕፃናት «ተሸነፈ፣ ተሸነፈ» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሰሚራ ጥግ ላይ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እንኩ ስላንትያ» አለች ሀዊ።

«በምን ትያ?»

«በሪዝ።»

ልጅቷ ምን እንደምታውቅ አላውቅም፤ የምትሄድበት ግን ገብቶኛል። ማስቆም እችል ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ከወንበራቸው ብድግ ብለው ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ በቃ ብላቸው በቃ ይሆናል። ግን በእንካ ስላንትያ የተቆጣ ተሸናፊ ነው፤ ይህ ሕግ ከእኔም ከሀዊም በፊት የነበረ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ምን አለሽ በሪዝ?» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«ከንፈር ላይ ቢሰቅሉት መጋረጃ ሪዝ፣
ሳቅ የመጣ ለታ አይደበቅም ብልዝ።»

ሰው ሁሉ ወደ አፌ ዞረ። ከንፈሬን ገጠምኩ። እሷ ግን ፋታ አልሰጠችኝም፤ የሹራቧን እጅጌ ከአፏ ላይ አወረደችው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጥርሷን በግልጽ ያየሁት ያኔ ነው። የእኔው ቀለም ነው።

«እንኩ ስላንትያ።»

«በምን ትያ?»

«በጥርስ።»

«ምን አለሽ በጥርስ?»

«መሬት አልደረሰዎ፣ ከብትም የለ ለውርስ፣
ከቡልቡላ ይዘው መጡ የበለዘ ጥርስ።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው እኮ። አባቴ ሲሞት የተከፋፈልነው አንድ ሬዲዮና ይህን ጥርስ ነው። ሳቁ ከእምብርቴ ተነስቶ መጣ፤ እጄን ላነሳ ብል አንዱ ማይክ ይዟል፣ ሌላው ስልክ ይዟል። ስንት ዓመት የታፈነ ሳቅ በሞንታርቦ ወጣ። ቀበሌው ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ጎንበስ ብዬ ሳቅሁ፣ ቀና ብዬ ሳቅሁ፣ ሪዜ እዚያው ላይ ቆሞ ምንም ሊረዳኝ አልቻለም።

ወላጁ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ አብሮኝ ሳቀ። የኬጂ ልጆችም ምን እንደሚያስቅ ሳያውቁ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። በመሃላቸው ፌቨንን አየኋት። ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን በሰፊው ከፍተዋል፤ የእኔ ልጅ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ነው የምትስቀው። ክርኗ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ አገጯ ወደ ደረቷ ገብቷል፤ ልክ እንደ እኔ። ነጭ የወተት ጥርስ ነው ያላት። የምትደብቀው ምንም ነገር የላትም።

ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ። ልቤ ተሰበረ ብል ግጥም ይመስልብኛል፤ ግን ተሰበረ።

ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ። «ይሄ ነው» አልኩ፣ ከንፈሬን በጣቴ ገልጬ። «የጉድጓዱ ውሃ ይሄ ነው። ያደግሁት ቡልቡላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዳዴ ሳይል አሰላ አክስታችን ወሰደችው፣ የእሱ ጥርስ ነጭ ነው፤ አንድ እናት አንድ አባት ነን። ልጆቹ የእኛን ግቢ ውሃ አስመርምረውታል፣ እኔ ልጅ ሆኜ ከጠጣሁት ብዙም አይለይም። የእኛ የትልልቆቹ አልፏል። እነዚህ ግን» ብዬ ወደ ምንጣፉ አመለከትኩ፣ «ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ ነው። ዛሬ የሚጠጡት ነው የሚወጣው።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ግጥሜ ካመጣው ዝምታ የተለየ ነበር። እናቶች አጎንብሰው ልጆቻቸውን ያያሉ። ሐጂ ከድር ተነሱ።

«ታዲያ አንተ ሰውዬ ይህንኑ አትለንም ነበር?» አሉኝ። «ስለ ነበልባል አበባ ምን ያስለቅሰናል?» ቀጥለው ወደ መድረኩ ጠጋ አሉና አፋቸውን ከፍተው ለናትናኤል አሳዩት። «እስቲ የእኔንም እይልኝ ልጄ። የውሃው ነው?»

ናትናኤል ጎንበስ ብሎ በሙሉ ጥንቃቄ አየላቸው። «የእርስዎስ የጫት ነው ሐጂ» አላቸው። ድንኳኑ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

ወይዘሮ ዘነበች እጅ አስወጡ። ትንንሾቹ የከተማውን ቧንቧ ውሃ በሮቶ ተጠራቅሞላቸው እንዲጠጡ፣ ቧንቧ ሲጠፋ የሐጂ ከድር መኪና ከደህና ቦታ እንዲያመጣ፣ የጉድጓዱ ውሃ ለመጸዳጃና ለአትክልት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ያቺ ባለጀሪካን እናት እጇን አወጣችና «ልብስስ ይታጠብበታል?» ብላ ጠየቀች። ይታጠብበታል አልናት። ሞልታ ወሰደች።

ወንበር ስንሰበስብ ሀዊ መጣች። እጅጌዋ ወደ አፏ ተመልሷል።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ የምይዘው ነገር አጣሁ።»

«በእንካ ስላንትያ ይቅርታ የለም» አልኳት። «ቡልቡላን ግን ማን ነገረሽ?»

«ለጥናቱ ቤት ለቤት ስንጠይቅ እናትዎ ቤት ገብተን ነበር። አዳማ የሚያስተምር ልጅ አለኝ ብለው ፎቶ አሳዩን። ትንሽ ልጅ ሆነው፣ አፍዎን ከፍተው እየሳቁ።»

«ለማን ነገራችሁ?»

«ለማንም። ናቲ፣ ቲቸር ከፈለጉ ራሳቸው ይናገራሉ አለ።» ቀጥላም ጨመረች። «እናትዎ ምን አሉን መሰልዎት፦ ይሄ ልጅ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር፣ አዳማ ከገባ ወዲህ ምን እንዳገኘው እንጃ።»

የወንበር መደርደሩን ቀጠልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ፌቨንን «ስትስቂ ለምንድን ነው አፍሽን የያዝሽው?» አልኳት።

«ስስቅ ነዋ» አለችኝ፣ ጥያቄው ገርሟት። «ሲሳቅ ይያዛል።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ሪዜ አልተለወጠም። ልላጨው ነበር፤ ባለቤቴ «ተው፣ ያለ እሱ አፍንጫህ ይበዛል» ብላ ከለከለችኝ። ግጥም መጻፍም አልተውኩም፤ ለማንም ግን አላነብም፣ ይህም እንደ ውለታ ይቆጠርልኝ። ክፍል ውስጥ ግን ማንም ተማሪ ጥናቱን ሲያቀርብ መጀመሪያ በእንካ ስላንትያ፣ ቀጥሎ በወረቀት ነው። ስድቡን የሚቀበለው ተጋጣሚ እኔ ነኝ። በአፈር መሸርሸር ተሰድቤያለሁ፣ በወባ ትንኝ ተሰድቤያለሁ፤ በአንጀት ጥገኛ ትል የተሰደብኩት ግን እስካሁን ያመኛል። አንድም ጥናት አልረሳሁም። እናንተም የምትነግሩት ነገር ካላችሁ፣ ዋሽንት ካስፈለገው ምናልባት የምትሸሹት ቃል አለ ማለት ነውና እስቲ እሱን ፈልጉት። ኮምጣጤ የሚለው ስም ግን አልለቀቀኝም፤ አሁን ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፣ በልማድ ነው የሚሉኝ።

በቅርቡ የፌቨን የፊት የወተት ጥርስ ወለቀች። እንደ ወጉ ቆርቆሮው ላይ ወርውረን ለአይጥ ሰጠናት። ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ጭንቀት አልነግራችሁም፤ በየጠዋቱ በስልኬ መብራት ድዷን ስመለከት ባለቤቴ «ልጅቷን ተዋት» ትለኛለች። አዲሷ ጥርስ ወጣች። ነጭ ናት። ጫፏ ላይ ግን ስስ ደመና የመሰለ ነገር አለባት፤ እኛ ሳናውቅ ግቢው ውስጥ የጠጣችው ነው። ሌላ ሰው አያየውም። እኔ አየዋለሁ።

እሷ ግን ጥርሷን ለሰፈሩ ሁሉ እያዞረች ስታሳይ ከረመች። ትናንት ሱቅ ወስጃት ባለሱቁ ፊት አፏን እስከ ላንቃዋ ከፈተችለት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አይቶ «ማሻአላህ፣ ታምራለች» አላት። ዞር ብላ ሸሚዜን ጎተተችኝ።

«አባዬ፣ ያንተንም አሳየው እንጂ።»

አሳየሁት።